የቫሩስ ጦር ያለቀው በደፈጣ ነው ወይስ በወጥመድ?

ቶኒ ክለን የእንግሊዝ ጦር መኮንን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1987 ሰሜን ጀርመን ውስጥ፣ ኦስናብሩክ ከተማ ባለው የእንግሊዝ ጦር ሰፈር ተመድበው ሲያገለግሉ፣ የዕረፍት ጊዜያቸውን ብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዘው ማሳ ለማሳ እየዞሩ ማሳለፍ ይወዱ ነበር። አገሩ የሰው ነውና ዝም ብለው አልገቡበትም። በቅድሚያ የአካባቢውን የአርኪዮሎጂ ኃላፊ ቮልፍጋንግ ሽሉተርን አግኝተው ፈቃድ ጠየቁ፤ የሮማውያን ቅርስ ወዴት ቢፈለግ ይሻላል ብለውም አማከሯቸው። ሽሉተር ከከተማዋ በስተሰሜን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ካልክሪዘ የምትባል የገጠር መንደር ጠቆሟቸው። በዚያ አካባቢ ገበሬዎች ሲያርሱ አልፎ አልፎ የሮማ ሳንቲም እንደሚያገኙ ከጥንት ጀምሮ ይወራ ነበር።

በሐምሌ ወር ክለን አንድ ማሳ ላይ ሲሄዱ መሣሪያው ጮኸ። ሣሩን ገለጥ አድርገው ሲቆፍሩ የጠቆረ ትንሽ ክብ ነገር ወጣ። በወንጌል ስሙን የምናውቀው ዲናር ነበር፤ የሮማ የብር ሳንቲም። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ ተከተለ። ፍለጋው ሲቀጥል ከዚያው አካባቢ ከመቶ በላይ ዲናር ተለቀመ። ከሳንቲሞቹ መካከል በአንድ ፊት አውግስጦስ ቄሳር፣ በጀርባው ደግሞ ጋይዮስና ሉክዮስ የተባሉት ሁለት የልጅ ልጆቹ ጋሻቸውን አቁመው የሚታዩባቸው ነበሩ። ይህ ዓይነቱ ዲናር መመታት የጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2 ዓመት ገደማ ነው። ከአውግስጦስ በኋላ የነገሠ ቄሳር መልክ ያለበት ግን አንድም አልነበረም።

ሽሉተር የሳንቲሞቹን ዘመን ሲመለከቱ ምን ሊሆን እንደሚችል ወዲያው ገባቸው። ጀርመኖች አምስት መቶ ዓመት ያህል ሲፈልጉት የኖሩት የጦር ሜዳ ከእግራቸው ሥር ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከልደተ ክርስቶስ በኋላ በ9 ዓመት (እ.ኤ.አ.) የሮም ግዛት ራይን ወንዝን ተሻግሮ ወደ ምሥራቅ እየገፋ ነበር። አገረ ገዢው ፑብልዮስ ኲንክቲልዮስ ቫሩስ ይባላል። ለእኛ አንባቢዎች ይህ ሰው ሩቅ አይደለም፤ ሄሮድስ በሞተበት ዘመን የሶርያ ገዢ የነበረው፣ በይሁዳ የተነሣውንም ዐመፅ በጭካኔ የደፈጠጠው እሱ ነው። ሁለት ሺህ ያህል ዐመፀኞችን በመስቀል እንዳሰቀለ የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፈስ ጽፎታል። በጀርመንያ ደግሞ ሌጌዎን የሚባሉ ሦስት የሮም ክፍለ ጦሮች ተሰጡት፤ 17ኛው፣ 18ኛውና 19ኛው።

ከቫሩስ ማዕድ የማይጠፋ አንድ ወጣት ነበር። አርሚንየስ ይባላል፤ ኬሩስኪ ከተባለው የጀርመን ነገድ የመሳፍንት ልጅ ነው። በሮም ጦር ውስጥ የረዳት ወታደሮች አዛዥ ሆኖ አገልግሏል፣ የሮም ዜግነት ተሰጥቶታል፣ ባለ ፈረስ ከሚባሉት የሮም መኳንንት ማዕረግም ደርሷል። ላቲን ይናገራል፤ የሮማ ጦር እንዴት እንደሚጓዝ፣ እንዴት እንደሚሰፍር፣ በምን ጊዜ እንደሚደክም ያውቃል። ሰውየው ነገር እየሸረበ መሆኑን ከዚያው ነገድ የሆነው ሴጌስቴስ ለቫሩስ ነግሮት ነበር። በመጨረሻው ግብዣ ላይ ሳይቀር፣ እኔንም እሱንም ሌሎቹንም አለቆች ሁላችንንም እሰረን ብሎ ለምኖታል። ቫሩስ ግን አላመነውም።

በጋው አልቆ ሠራዊቱ ወደ ክረምት ሰፈሩ ሊመለስ ሲል፣ ራቅ ያለ አንድ ነገድ ዐመፀ የሚል ወሬ መጣ። ቫሩስ በዚያው በኩል አድርጌ ልቅጣው ብሎ መንገድ ቀየረ። አርሚንየስና ግብረ አበሮቹ ጥቂት ከሸኙት በኋላ፣ ሰው ሰብስበን እንከተልሃለን ብለው ተለዩ። ወሬው ሐሰት ነበር፤ የሚሰበሰበውም ሰው ለቫሩስ አልነበረም። ሠራዊቱ ከነጓዙ፣ ከነሠረገላው፣ ከሴትና ከሕፃኑ ጋር በዝናብ በራሰ ጫካ ውስጥ ረዥም ሰልፍ ሠርቶ ሲጓዝ ጀርመኖች ከየዛፉ ሥር ወጡበት። ግድያው ለቀናት ቀጠለ። ቫሩስ በገዛ ሰይፉ ላይ ወደቀ። ከ15,000 እስከ 20,000 የሚገመት ሰው አለቀ፤ ሦስቱም የንስር ዓላማዎች ተማረኩ። አውግስጦስ ወሬው ሲደርሰው ለወራት ጸጉሩንም ጢሙንም እንዳልተላጨ፣ ራሱን ከበር ጋር እያጋጨ ሌጌዎኖቼን መልስልኝ እያለ ቫሩስን ይጣራ እንደነበር ተጽፏል። የሦስቱ ሌጌዎኖች ቁጥር ከዚያ በኋላ ለሌላ ሌጌዎን አልተሰጠም።

ስለዚህ ጥፋት በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ሰዎች አንዴ አምቡሽ ይሉታል፣ አንዴ ትራፕ ይሉታል፤ ብዙዎቹም ሁለቱን ቃላት እንደ አንድ አድርገው ያቀያይሯቸዋል። ይሁንና አንድ አይደሉም። አምቡሽ ከድሮ ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ሥሩ ጫካ ውስጥ ከመግባት ጋር የተያያዘ ነው፤ ቃሉ የሚናገረው ስለ አጥቂው ነው፤ የት ተሸሸገ፣ ከየት ወጣ የሚለውን። ትራፕ የአዳኝ ቃል ነው፤ የሚናገረውም ስለ ተያዘው ነው፤ ምን አማለለው፣ ምንስ ዘጋበት የሚለውን። የእኛ ደፈጣና ወጥመድም በዚሁ ልክ ይለያያሉ። ያደፈጠ ሰው ካልተነሣ ደፈጣ የለም፤ ወጥመድ ግን ያጠመደው ሰው ቤቱ ተኝቶ ሳለም ይይዛል።

ልዩነቱን ራሳቸው ሮማውያን በደም ተምረውታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ217 ዓመት የካርታጎው የጦር አዛዥ ሐኒባል በትራሲሜኖ ሐይቅ ዳር የሚያልፈውን መንገድ ቁልቁል በሚያይ ኮረብታ ላይ ጦሩን ሸሸገ። ማለዳ ላይ ጉም ሐይቁን ሸፍኖት ሳለ የቆንስላው ፍላሚንዮስ ሠራዊት በዚያ ሲያልፍ ከላይ ወረደበት። ሦስት ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ 15,000 ያህል ሮማዊ ሞተ፤ ፍላሚንዮስም አብሮ ሞተ። እርግጥ ነው፣ ሐኒባል አገር እያቃጠለ ቆንስላውን አስቆጥቶታል። ነገር ግን መንገዱ ላይ የተሠራ አጥር፣ የተዘጋ በር አልነበረም። ጉሙ ቢገለጥና ሮማውያን ቀና ብለው ቢያዩ ኖሮ ነገሩ ያበቃ ነበር። ይህ ደፈጣ ነው።

ከዚያ አንድ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ321 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ ሳምናውያን የተባሉ የጣልያን ሕዝቦች በካውዲዮም ሸለቆ ያደረጉት ሌላ ነው። የሮም ታሪክ ጸሐፊው ሊቭዮስ እንደጻፈው፣ አሥር ወታደሮች እረኛ መስለው መንጋቸውን እየነዱ ለሮማውያን ወሬ ሰጡ፤ ሳምናውያን ርቀው ሄደው ሉቄርያ የተባለችውን ከተማ ከበዋል አሏቸው። ሁለቱ ቆንስላዎች ለማዳን ተጣድፈው በአቋራጩ ገቡ። ሸለቆው በሁለት ጠባብ በሮች መካከል ያለ ሜዳ ነው። መውጫው ጋ ሲደርሱ ተቆርጠው በወደቁ ዛፎችና በድንጋይ ተዘግቷል። ሲመለሱ መግቢያውም ተዘግቷል። ጦርነት አልተደረገም። የሚበሉት አጥተው እጃቸውን ሰጡ፤ አንድ በአንድ ከጦር በተሠራ ቀንበር ሥር አጎንብሰው አልፈው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሰይፍ ሳይመዘዝ ጦር ተያዘ። ይህ ወጥመድ ነው።

የቫሩስ ታሪክ ከሁለቱም ይቀላቅላል፤ የሐሰት ወሬ አለበት፣ የተሸሸገ ጠላትም አለበት። የጥንት ታሪክ ጸሐፊዎች መጻሕፍት ደግሞ አይፈርዱልንም። ቬሌዮስ ፓቴርኩሎስ የዘመኑ ሰውና ጀርመንያን በወታደርነት የሚያውቅ ቢሆንም የጻፈው አጭር ነው። ታኪቶስ የጻፈው መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ ዝርዝሩን የነገረን ካስዮስ ዲዮ ደግሞ ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ ነው። ቬሌዮስ ጦሩ የተከበበበትን ሲገልጽ የተጠቀመበት የላቲን ቃልም ደፈጣን፣ ወጥመድንና ሤራን በአንድነት የሚያቅፍ ነው። ስለዚህ መልሱ መውጣት የነበረበት ከአፈር ነው፤ አፈሩ የት እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም ነበር።

የታኪቶስ መጽሐፍ የመጀመሪያ ክፍል በአንድ ገዳም ቅጂ ብቻ ተርፎ ኖሮ በ1515 ሲታተም፣ ቦታው የቴውቶቡርግ ጫካ እንደሚባልና በኤምስና በሊፐ ወንዞች አካባቢ እንደሆነ የሚናገር ምንባብ ተገኘ። ከዚያ በኋላ በመቶዎች የሚቆጠር መላ ምት ተሰነዘረ። ዛሬ በካርታ ላይ የቴውቶቡርግ ጫካ የሚባለው ተራራ እንኳ ስሙን ያገኘው ከመጽሐፉ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ኦስኒንግ ይባል ነበር። በዚያ ተራራ ላይ፣ ዴትሞልድ አጠገብ፣ ኤርንስት ፎን ባንደል የተባሉ ቀራፂ ዕድሜያቸውን ፈጅተው አርሚንየስን ሰይፍ መዝዞ የቆመ ሐውልት ሠሩለት። በ1875 ሲመረቅ ከፍታው እስከ ሰይፉ ጫፍ ከ53 ሜትር በላይ ነበር። ሐውልቱ በቆመበት ቦታ ግን የጦርነቱ ምልክት አልተገኘም።

ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ የጠቆሙት በኋላ በ1902 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያገኙት የሮም ታሪክ ሊቅ ቴዎዶር ሞምዘን ናቸው። በ1885 ባወጡት አነስተኛ ጽሑፍ፣ በካልክሪዘ አካባቢ የባሬናው ርስት ባለቤቶች በየትውልዱ ያከማቿቸውን የሮማ ሳንቲሞች መሠረት አድርገው፣ የቫሩስ ጦር ያለቀው እዚህ ነው አሉ። አልተቀበሏቸውም። ተቃዋሚዎቻቸው ያነሡት ጥያቄ የዋዛ አልነበረም፤ ሳንቲሞቹ ወርቅና ብር ናቸው፣ ወርቅና ብር ነጋዴም ይይዘዋል፤ ወታደር በኪሱ የሚይዘው መዳብ የታለ? የጦር መሣሪያስ የታለ? ሞምዘን መልስ ሳያገኙ በ1903 ሞቱ።

ክለን በ1987 ያገኟቸው ዲናሮችም በዚያው ጥያቄ ሊወድቁ ይችሉ ነበር። ነገሩን የለወጡት በ1988 ከዚያው አካባቢ ያወጧቸው ሦስት ትንንሽ የእርሳስ ድብልቡሎች ናቸው። ለሚያይ ሰው ምንም አያምሩም። የወንጭፍ ጥይት ናቸው፤ የሮም ጦር ረዳት ወንጫፊዎች የሚተኩሱት። እርሳስ ድብልቡል ይዞ የሚዞር ነጋዴ የለም። በዚያ ማሳ ላይ ጦር አልፏል።

ሽሉተር በ1989 ኦበሬሽ በተባለው ማሳ ላይ ቁፋሮ አስጀመሩ። እዚህ ላይ ለገበሬዎቹ ምስጋና ይገባል። የዚያ አገር አፈር አሸዋማና ደካማ ስለሆነ፣ በመካከለኛው ዘመን የነበሩ ገበሬዎች ከሜዳ ሣሩን ከነአፈሩ እየገፈፉ በጋጣ ውስጥ ያነጥፉት ነበር፤ ፍግ ከጠጣ በኋላ አውጥተው ማሳ ላይ ይበትኑታል። በመቶ ዓመታት ይህ ተደራርቦ አንዳንድ ቦታ አንድ ሜትር ያህል ወፈረ። የጥንቱ መሬት ከማረሻ ጫፍ በታች ተቀብሮ ተረፈ።

ከዚያ መሬት የወጣው የጦር ስባሪ፣ የጫማ ምስማር፣ የሠረገላ ዕቃ፣ የሐኪም መሣሪያ፣ የመዳብ ሳንቲም በሺዎች ይቆጠራል። ሞምዘንን ያሸነፋቸው መዳብ አሁን ተገኘ፤ ከሳንቲሞቹ በአንዳንዶቹ ላይ ሦስት ፊደላት በማኅተም ተመትተውባቸዋል፤ የቫሩስ ስም መጀመሪያ። አገረ ገዢው ለወታደሮቹ ገንዘብ ሲያድል ያስመታው ነው። ከጦርነቱ ዓመት በኋላ መመታቱ የተረጋገጠ ሳንቲም ደግሞ ከመሃላቸው የለም። ከሁሉ በላይ ስሙ የታወቀው ግኝት የፈረሰኛ የፊት ጭንብል ነው፤ ከብረት የተሠራ የሰው ፊት፣ ዓይኑ ቀዳዳ። ከላይ ለብሶት የነበረው የብር ልባስ ተገፎ ተወስዷል፤ የገፈፈው ሰው የፈለገው ብሩን እንጂ ፊቱን አልነበረም።

ከ1994 ጀምሮ ደግሞ አጥንት የተሞሉ ጉድጓዶች መውጣት ጀመሩ፤ በጠቅላላው ስምንት። የሰውና የበቅሎ አጥንት ተቀላቅሎ ነው የተቀበረው። በራስ ቅሎቹ ላይ የሰይፍ ምት አለ። አጥንቶቹ ከመቀበራቸው በፊት ለዓመታት ሜዳ ላይ ለፀሐይና ለዝናብ ተጋልጠው እንደቆዩ ምርመራው አሳየ። ታኪቶስ ደግሞ የጦር አዛዡ ጌርማኒኮስ ጥፋቱ በደረሰ በስድስተኛው ዓመት ወደ ቦታው ሄዶ፣ ማን የማን እንደሆነ ሳይለይ አጥንቱን ሰብስቦ እንዳስቀበረ ጽፎ ነበር። መጽሐፍና አፈር በዚህ ያህል ሲገናኙ ማየት ብርቅ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ኦበሬሽ ማሳ የሚገኘው በካልክሪዘ ኮረብታ እግር ሥር ነው። በደቡብ ኮረብታው፣ በሰሜን ትልቅ ረግረግ አለ። በመካከላቸው ሰው የሚያልፍበት ደረቅ መሬት እጅግ ጠባብ ነው፤ የኮረብታው ግርጌና ረግረጉ እጅግ በተቀራረቡበት ቦታ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይራራቃሉ፣ እሱም ቢሆን ግማሹ ጭቃ ነው። ቆፋሪዎቹ በዚህ ጠባብ ላይ፣ በኮረብታው ግርጌ፣ ወዲያና ወዲህ እየታጠፈ የሚሄድ 400 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የአፈር ምሽግ ፍራሽ አገኙ። ከሣር ጓልና ከአሸዋ የተሠራ ነው።

ትርጉሙ ግልጽ መሰለ። አርሚንየስ ቦታውን አስቀድሞ መርጦ፣ ምሽጉን አሠርቶ፣ ሰዎቹን ከኋላው ደብቆ ጠበቀ። ሮማውያን በግራ ምሽግ፣ በቀኝ ረግረግ ይዟቸው በጠባቡ ሲገቡ ጦር ወረደባቸው። የሐሰቱ ወሬ ማማለያው፣ ምሽጉ ደግሞ መዝጊያው ሆነ ማለት ነው፤ ካውዲዮም ዳግመኛ። በኋላም ሙዚየም ተከፈተ፤ ምሽጉ ቆሞበት የነበረው መስመርም ለጎብኚ እንዲታይ ምልክት ተተከለበት። መጻሕፍትና ፊልሞች ይህንኑ ሥዕል ለዓለም አዳረሱት። እውነቱን ለመናገር ሥዕሉ ያማረ ነበር፤ ቶሎ ለማመን የሚመች።

ይሁንና አንዲት በቅሎ ከዚህ ሥዕል ጋር አልስማማ አለች። አጽሟ ወድቆ በተናደው የምሽጉ አፈር ሥር ተጠብቆ ተገኘ። አንገቷ ላይ የነሐስ ቃጭል አለ፤ የቃጭሉ ሆድ ግን በእጽዋት ተጠቅጥቋል። አንድ በቅሎ ነጂ በእጁ ሣርና ገለባ እየነጨ፣ ምላሱ እንዳይንቀሳቀስ አድርጎ ጎስጉሶታል። ይህ ሰው ድንገት የተወረረ ሰው አይደለም። ጠላት ጆሮውን አቁሞ እንደሚያዳምጥ ያውቃል፤ ሳይሰማ ሹልክ ብሎ ለማለፍ ይሞክራል። ደፈጣ ደግሞ የማያውቅን ሰው ነው የሚይዘው።

የአርኪዮሎጂ ሊቃውንትም በራሳቸው መንገድ ምሽጉን መጠራጠር ጀመሩ። በዚያ ዘመን የነበሩ ጀርመኖች እንዲህ ያለ ምሽግ ሲሠሩ የታዩበት ሌላ ቦታ ጥቂት ነው፤ ሮማውያን ግን በየምሽቱ በሚሰፍሩበት ሁሉ አፈር ቆፍረው፣ የሣር ጓል ደርድረው ያጥራሉ። ምሽጉ የሮማውያን ቢሆንስ? ሮማውያን ለመዳን የሠሩት፣ ጀርመኖች ጥሰው የገቡበት ቢሆንስ? በሳልቫቶሬ ኦርቲዚ የሚመራው ቡድን ይህንኑ ለመፈተን እንደገና ቆፈረ። የሰፈር አጥር ከነበረ በአንድ ወገን ብቻ ሊቆም አይችልም፤ ስለዚህ ከኮረብታው ርቀው፣ ወደ ረግረጉ በሚያቀርበው ወገን የሌላውን አጥር ርዝራዥ ይፈልጉ ጀመር። ዛሬ ብዙ ባለሙያዎች የሮማውያን ጊዜያዊ ምሽግ የመሆኑን ነገር አጥብቀው ያነሣሉ፤ ሌሎች የቀድሞውን ትርጉም አልለቀቁም።

በዚህ ክርክር መሃል ከዚያው ማሳ በ2018 የወጣው ነገር ማንንም ዝም ያሰኛል። ሙሉ ለሙሉ ለማለት ይቻላል፣ የአንድ ሌጌዎን ወታደር የብረት ጥሩር ነው፤ ከቀጫጭን የብረት ንጣፎች የተሠራ፣ በዓይነቱ እስከ ዛሬ ከተገኙት ሁሉ የጥንቱና ይበልጥ የተሟላው። ዝገቱ አንድ ጓል አድርጎት ስለነበር ከነአፈሩ አንሥተው በራጅ መረመሩት። በጥሩሩ አንገት አካባቢ የብረት ማሰሪያ ታየ፤ አንገትንና ሁለቱን እጆች አንድ ላይ ጠፍንጎ የሚይዝ። ሰውየው ከነጥሩሩ ታስሯል። ውጊያው ካለቀ በኋላ በሕይወት የተያዘ ይመስላል፤ መዳን ግን አልተሰጠውም።

ቦታው የቫሩስ ነው ወይስ ከስድስት ዓመት በኋላ የመጣው የጌርማኒኮስ ጦር የተዋጋበት ነው የሚል ሌላ ጥርጣሬም ለዓመታት ቆይቶ ነበር። በ2022 ቦኹም ከሚገኘው የጀርመን የማዕድን ቤተ መዘክር ተመራማሪዋ አኒካ ዲክማን መልስ አቀረቡ። እያንዳንዱ ሌጌዎን ዕቃውን የሚጠግንለት የራሱ አንጥረኛ ስላለው፣ በመዳብና በነሐስ ዕቃው ውስጥ የሚገኘው የጥቃቅን ንጥረ ነገሮች መጠን እንደ አሻራ ይሆናል። 19ኛው ሌጌዎን ቀድሞ ሰፍሮበት ከነበረው በደቡብ ጀርመን ካለው ዳንግሽቴተን የወጡት ዕቃዎች አሻራ ከካልክሪዘው ጋር ተመሳሰለ። 19ኛው ደግሞ ከቫሩስ ጋር ያለቀው ነው። ቶኒ ክለን ይህን ሳያዩ በ2014 አርፈዋል።

እንግዲህ ደፈጣ ነው ወጥመድ? እኔ ወደ ታኪቶስ እመለሳለሁ፤ ብዙ ሰው በችኮላ የሚያልፈው አንድ ነገር አለና። ጌርማኒኮስ ወደ ቦታው ሲሄድ በመጀመሪያ ያየው ሦስት ሌጌዎን የሚያሰፍር ሰፊ የሰፈር አጥር ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያየው ግማሹ የፈረሰ ምሽግና ጥልቀት የሌለው ቦይ ነው፤ የተረፉት ጥቂቶች ተጨናንቀው የመጨረሻውን የተዋጉበት። ካልክሪዘ ይህ ሁለተኛው ቢሆን ምሽጉም፣ ቃጭሉም፣ በጠባቧ ሜዳ የተከማቸው አጥንትም በአንድ ላይ ይገጥማሉ። አፈር ለመቆፈር ጊዜ ያገኘ ወታደር በደፈጣ የተያዘ ወታደር አይደለም። በኦበሬሽ የሆነው ከበባ ነው፤ ወጥመዱ የተዘጋበት ቦታ።

ወጥመዱ ራሱ የተዘረጋው ከካልክሪዘ በስተምሥራቅ ራቅ ብሎ፣ ቬዘር ወንዝ አካባቢ፣ ቫሩስ በጋውን ባሳለፈበት ሰፈር ነው። መሣሪያው የሐሰት ወሬና የሸኚ ወዳጅ ፊት ነበር። ደፈጣው የዚያ ወጥመድ አንድ ክፍል ነው፤ በመጀመሪያው ቀን፣ ሰልፉ በጫካ ውስጥ ኪሎ ሜትሮች ተዘርግቶ፣ ወታደሩ ከሠረገላና ከሕፃናት ጋር ተደበላልቆ ሲሄድ የተደረገው። ስለዚህ ይህን ውጊያ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው የካልክሪዘን ምሽግ የደፈጣ ምሽግ ብሎ ባይጠራው እመርጣለሁ። ምሽጉን የሠራው ማን እንደሆነ ቁፋሮው እስኪለይ ድረስ ምሽግ ማለት ይበቃል። የመጀመሪያው ቀን ደፈጣ የተፈጸመበት ጫካ ደግሞ በቬዘርና በካልክሪዘ መካከል የሆነ ቦታ ነው፤ እስከ ዛሬ አልተገኘም።